ላፕቶፑ ሀርድ ዲስኩን አላየሁም ሲል

በደብረ ብርሃን ለኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለቢሮ ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን አረፈዳችሁ። በዚህ ውርጭ ማልዳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሰላ ድንጋይና ከደብረ ሲና ሌሊት ተነስታችሁ የደረሳችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁና ጊዜያችሁን ሳልሻማ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ላፕቶፑን ስትከፍቱት ዊንዶውስ በመምጣት ፈንታ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» (የሚነሳበት ዲስክ የለም) የሚል ጽሑፍ ይደቀናል። ወይም አዲስ ዊንዶውስ ልትጭኑ ፍላሽ ሰክታችሁ፣ ዲስክ የሚያስመርጠው ገጽ ላይ ስትደርሱ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። ደንበኛው አጠገባችሁ ቆሞ ፊት ፊታችሁን ያያል። በእኛ አካባቢ በዚህ ሰዓት የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ «ሀርድ ዲስኩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ወይም «ፎርማት ይደረግ»።

ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለዚህ ፍርድ አጥብቄ ልናገር ነው። ላፕቶፑ አላየሁትም ያለው ዲስክ ሁሉ አልሞተም። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ደህና ሆኖ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው የተዘጋው። ውስጡ ያለው ነገር ደግሞ ከዕቃው ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል፣ የማኅበር ሒሳብ ይሆናል፣ በሕይወት የሌለች እናት ፎቶግራፍ ይሆናል። ዲስክ ሱቅ ሄዶ ይገዛል፤ ያን ፎቶ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ዲስኩን ያጣው ማን ነው? ባዮሱ ነው ወይስ ዊንዶውሱ? ላፕቶፕ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ የተቀመጠው ባዮስ ነው፤ በአዲሶቹ ላይ ዩኢኤፍአይ ይባላል፣ እኛ ግን ባዮስ ማለታችንን አልተውንም። እሱ ዲስኩን ይጠራዋል፤ ዲስኩ የሞዴል ስሙንና መጠኑን ይመልሳል። ዊንዶውስ ተራው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የዲስኩን ስም ከነመጠኑ ካገኛችሁ፣ ኃይል ይደርሰዋል፣ መስመሩም ተገናኝቷል፣ ኤሌክትሮኒክሱም ይመልሳል ማለት ነው። ችግሩን ሴቲንግ፣ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን እንዲያውቅ የሚያደርግ ፕሮግራም) ወይም የተበላሸ የማስነሻ ፋይል ውስጥ ፈልጉት፤ ካቻቪቴ አታንሱ። ባዮስ ራሱ ካላየው ግን ዊንዶውስ ደጋግሞ መጫን ከንቱ ድካም ነው።

ባዮስ ለመግባት ዴል፣ ኤሰርና አሱስ ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ላይ እንደ ሞዴሉ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ነው። ከዚያ በፊት ግን ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ መልሳችሁ አብሩ። ማዘርቦርዱ ላይ የቀረው ኃይል ሲወጣ ተንጠልጥሎ የቀረ ዲስክ አንዳንድ ጊዜ በዚህ ብቻ ይመለሳል። ምንም አያስወጣም፣ ምንም አያበላሽም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ወደ ሴቲንጉ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። በፈረንጆች 2020 ከወጣው ከ11ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ወዲህ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የሚባል ሴቲንግ ከፋብሪካ በርቶ ይመጣል። እሱ ሲበራ ኤስኤስዲው፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት፣ በቀጥታ ለዊንዶውስ አይቀርብም፤ በኢንቴል የስቶሬጅ መቆጣጠሪያ በኩል ያልፋል። የመጫኛ ፍላሹ ይህን መቆጣጠሪያ የሚያውቅ ድራይቨር ከሌለው ዲስኩ ባዮስ ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ ዊንዶውስ ሲጫን ግን ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። አዲስ ላፕቶፕ፣ ምንም ያልሆነ ዲስክ፣ «ተቃጥሏል» ተብሎ የተፈረደበት ስንት አይተናል! መፍትሔው ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርዶ፣ ፈትቶ ፍላሹ ላይ ማስቀመጥና ባዶው ገጽ ላይ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን መጫን ነው። ዲስኩ ወዲያው ብቅ ይላል። ምንም ዳታ የሌለው አዲስ ዲስክ ከሆነ ቪኤምዲውን ማጥፋትም ይቻላል።

ነገር ግን ዊንዶውስ ተጭኖበት የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ይህን ሴቲንግ ዝም ብላችሁ አትቀይሩ። የድሮዎቹ ላይም ኤኤችሲአይና ሬድ የሚባሉት፣ ዲስኩ በየትኛው መንገድ እንደሚቀርብ የሚወስኑት የባዮስ ምርጫዎች እንደዚሁ ናቸው። ዊንዶውስ በአንዱ ተጭኖ በሌላው ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ብሎ ይቆማል። ይህ ሲሆን ዳታው አልጠፋም፤ ሴቲንጉን ወደነበረበት ስትመልሱት ይነሳል። የግድ መቀየር ካለበት መጀመሪያ ዊንዶውሱን በሴፍ ሞድ (መሠረታዊ ድራይቨሮችን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) እንዲነሳ አዛችሁ፣ ከዚያ ባዮሱን ቀይራችሁ፣ አንድ ጊዜ በሴፍ ሞድ አስነስታችሁ፣ ቀጥሎ ወደ መደበኛው መልሱት።

አንዲት ተመራቂ ተማሪ ያጋጠማትን ልንገራችሁ። ያገለገለ ዴል ነው ላፕቶፗ። የጽሑፏን የመጨረሻ ምዕራፍ ልትጨርስ ስትቃረብ አንድ ማለዳ ሰማያዊ ስክሪን መጣባት። የወሰደችበት ቤት ሀርድ ዲስኩ አልቋልና አዲስ ግዢ አላት። ዋጋውን ልታጠራቅም ስትባዝን ላፕቶፑ እኔ ዘንድ መጣ። ባዮስ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ቀኑ ነው፤ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዷል። ወረድ ስል የዲስኩ ስም ከነመጠኑ አለ። የስቶሬጅ ምርጫው «ሬድ ኦን» ላይ ነው። ብዙ የዴል ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚቀመጡት በዚህ ላይ ነው፤ ዊንዶውሱን የጫነላት ሰው ግን በኤኤችሲአይ ነው የጫነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስታልቅ ሴቲንጉ ወደ ፋብሪካው ተመልሷል። ወደ ኤኤችሲአይ አዞርኩት፣ ዊንዶውሱ ተነሳ፣ ጽሑፉም እንዳለ ተገኘ። ከዚያ ባትሪዋን ቀየርን። ቀኑ እየተመለሰ የሚያስቸግር ላፕቶፕ፣ ድረ ገጽ ሲከፈት ሁሉ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣ ላፕቶፕ ካያችሁ ይቺን ባትሪ ጠርጥሩ።

ባዮስ ከመንካት በፊት አንድ ነገር ልጨምር፦ ቢትሎከር። ዊንዶውስ 11፣ በተለይ በፈረንጆች 2024 ከወጣው 24ኤች2 ከተባለው እትም ወዲህ አዲስ ሲጫን፣ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩን ባለቤቱ ሳያውቅ ይቆልፈዋል። የባዮስ ሴቲንግ ሲቀየር ወይም ዲስኩ ወጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ በገባበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። ደንበኛውን «የምትገባበት ኢሜይል የትኛው ነው? ፓስወርዱን ታስታውሰዋለህ?» ብላችሁ ሥራ ሳትጀምሩ ጠይቁት። ያለዚያ ቁልፍ ዳታውን የሚከፍት ባለሙያ የለም።

ባዮሱም ካላየው ያኔ ካቻቪቴው ይነሳል። የት እንደምትፈቱት ግን ልብ በሉ። እዚህ አገር በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ቤታችን ደግሞ ሱፍ በሱፍ ነው። ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ ባና በተነጠፈበት አልጋ ላይ ላፕቶፕ መፍታት የተለመደ ነው፤ በማታ ባናውን ስትገፉ ጨለማ ውስጥ ብልጭ የሚለውን አይታችሁታል። ያ ብልጭታ እጃችሁ ላይ ሆኖ ቺፕ ሲነካ ድምፅ ሳያሰማ ይገድለዋል። በጠረጴዛ ላይ ሥሩ፣ የሱፍ ልብስ አውልቁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት መሬት የነካ ብረት ንኩ። የውስጡን ባትሪ መስመር ሳትነቅሉም ሌላ ነገር አትንቀሉ።

ከመሐል ሜዳ አንድ መምህር ላፕቶፑን በአውቶቡስ ጭኖ አምጥቶ ነበር፤ ችግሩም የጀመረው ከአንድ ሌላ የመንገድ ጉዞ በኋላ እንደሆነ ነገረኝ። የጀርባውን ክዳን አነሳሁት። ባለ 2.5 ኢንች ሀርድ ዲስክ ነው፤ በጠፍጣፋ ስስ ሪባን ከማዘርቦርዱ ጋር ይገናኛል። ሪባኑ ማዘርቦርዱ ላይ የሚገባበት ሶኬት ከጥፍር የምታንስ ጥቁር መቆለፊያ አላት። በአንድ ጎኗ ተነስታለች፤ ሪባኑም በዚያው በኩል ፀጉር በምታህል ወጥቶ ዘንበል ብሏል። በዓይን ሲያዩት የተሰካ ነው የሚመስለው። መቆለፊያዋን ሙሉ በሙሉ አንስቼ፣ ሪባኑን አውጥቼ፣ ጫፉን ንጹሕ አልኮል በነካ ጨርቅ ጠርጌ፣ ሲደርቅ ቀጥ አድርጌ መልሼ ቆለፍኩት። ባዮስ ላይ ስሙ መጣ። የመምህሩ የዓመታት የፈተና ጥያቄዎች ሁሉ እዚያው ነበሩ። ስለዚህ ነው «የተሰካ ይመስላል» ብላችሁ አትለፉ የምለው፤ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት።

ኤም.2 የሚባሉት፣ ማስቲካ የሚያህሉት ኤስኤስዲዎች የራሳቸው ነገር አላቸው። በመልክ አንድ ሆነው በውስጥ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ሳታ ነው፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ። አንዳንድ ላፕቶፕ ሶኬቱ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ሌላውን ስትሰኩበት በትክክል ይገባል፣ ግን በፍጹም አይታይም። ሳታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሳቸው ላይ ሁለት ክፍተት አላቸው፣ ኤንቪኤምኢዎቹ አንድ፤ እርግጠኛ የሚያደርጋችሁ ግን የላፕቶፑ ማኑዋል ነው። ጫፉን የምትይዘው ትንሽ ብሎን ጠፍታ ከሆነ ካርዱ ሽቅብ ተነስቶ ግማሹ ጥርስ ብቻ ይነካል። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ኢኤምኤምሲ የሚባል ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስቶሬጅ አለ፤ እሱ አይነቀልም፣ አይቀየርም።

አገራችን ከፍታ ነው፤ ይህንንም ዲስኩ ያውቀዋል። በሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ዳታው ከተጻፈበት ክብ ሰሌዳ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት በአየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው። አየሩ ሲሳሳ ማንበቢያው ወደ ሰሌዳው ይቀርባል። ለዚህ ነው አምራቾች ለአብዛኞቹ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ጣሪያ ብለው 3,048 ሜትር የሚጽፉት። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከጣሪያው በታች ነን። ጣርማ በር፣ መሐል ሜዳና ጓሳ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። እዚያ የሚሠራ ሀርድ ዲስክ ሁሉ ይበላሻል አልልም፤ ለዓመታት የሠሩ አሉ። ነገር ግን ለመንዝ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ምክሬን ከጠየቀኝ ኤስኤስዲ ያለው ይግዛ እላለሁ። ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም፤ በመንገዱ መንገጫገጭም አይጎዳም።

ብርዱም አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያደረ ላፕቶፕ ጠዋት ተጭኖ ጣርማ በርን አቋርጦ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ጤዛ ይይዛል። እንደደረሳችሁ አትክፈቱት። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ሙቀቱ እስኪስተካከል ይቆይ።

ከሁሉ በላይ ዲስክ ሲያሳምም የማየው ግን መብራት ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቻርጀር ብቻ የሚሠራበት ቤትና ቢሮ ብዙ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ኃይል ይቋረጥበታል። ሀርድ ዲስክ ማንበቢያውን ለመሰብሰብ የቀረውን ሽክርክሪት ይጠቀማል፤ በየቀኑ ሲደጋገም ግን ያረጃል። ኤስኤስዲ ደግሞ የትኛው ዳታ የት እንዳለ የሚያስታውስበት የውስጥ ሠንጠረዥ አለው፤ እሱን ሲያድስ ከተቋረጠ በሚቀጥለው ቀን ባዮስ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ከሆነ ቻርጀሩን ሰክታችሁ፣ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ምንም ሳትነኩ ተዉት። ከዚያ አጥፉት፣ ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ አብሩት። ኤስኤስዲው ሠንጠረዡን ራሱ አስተካክሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ይህን የሚመክሩ አምራቾች አሉ። አዲስ የላፕቶፕ ባትሪ መግዛት ውድ ነው የምትሉ፣ እባካችሁ በዚህ ዓይን እዩት።

ዲስክ ዳታውን እንደያዘ ሊጠፋ መቻሉን ዓለም በግልጽ ያየበት ጊዜም አለ። በፈረንጆች 2009 መጀመሪያ የዲስክ አምራቹ ሲጌት ባራኩዳ 7200.11 በተባሉ የዴስክቶፕ ዲስኮቹ ላይ የፈርምዌር (የዲስኩ የራሱ የውስጥ ፕሮግራም) ስህተት እንዳለ አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል። እነዚያ ዲስኮች ሲበሩ ባዮስ ላይ ከመታየት ይቀሩ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ዳታ ግን እንዳለ ነበር። በዚያን ጊዜ ቸኩሎ ዲስኩን የጣለ ሰው ደህና ፋይሉን ነው የጣለው።

በእርግጥ የሚሞት ዲስክም አለ፤ ይህን አልክድም። ሀርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚደጋግም ከሆነ ወዲያው አጥፉት። ማንበቢያው ተጎድቷል፤ በተሽከረከረ ቁጥር ሰሌዳውን ይፍቃል። ዲስኩን ራሱን አትክፈቱት፤ የእኛ ቤት አቧራ ለእሱ ቋጥኝ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተቱት የሚሉትንም አትስሙ፣ ጤዛውን ተናግሬያለሁ። ድምፅ የማያሰማ ግን የዘገየ፣ እየታየ የሚጠፋ ከሆነ፣ አውጥታችሁ በዩኤስቢ ኬዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ዊንዶውስ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅ «ካንስል» በሉ። «ኢኒሻላይዝ» ሲልም እንዲሁ። «ቼክ ዲስክ»ንም አታስሩት፤ ደካማ ዲስክ ላይ እየጻፈ ያደክመዋል። ከዚህ ይልቅ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ኡቡንቱ የተባለ ነፃ ሲስተም ከፍላሽ አስነስታችሁ ዲዲሬስኪው በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ወደ ጤነኛ ዲስክ ቅዱት። እሱ ደህናውን ክፍል ቀድሞ ያነሳል፣ አስቸጋሪውን ለኋላ ያቆያል፣ የት እንደደረሰም ይመዘግባል፤ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። የፋይል ፍለጋው በኋላ ቅጂው ላይ ይሠራል።

ስለ ፎርማት አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። በድሮው ሀርድ ዲስክ በስህተት ፎርማት የተደረገን ነገር ፈልጎ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ብዙዎቻችሁ አድርጋችሁታል። ኤስኤስዲ ላይ ይህን ተስፋ አታድርጉ። ዊንዶውስ ፎርማት ሲያደርግ «ይህ ቦታ አያስፈልግም» የሚል ትእዛዝ ለኤስኤስዲው ይልካል፤ ትሪም ይባላል። ኤስኤስዲውም ቦታውን ማጽዳት ይጀምራል። ያ ከሆነ በኋላ የትኛውም የማዳኛ ፕሮግራም ባዶ ነው የሚያገኘው።

ከታዳሚው ሁለት ጥያቄ ቀርቦልኝ ነበር። አንዱ ወንድማችን፣ «ደንበኛው ይቸኩላል፣ ይህን ሁሉ ስንመረምር ሌላ ቤት ይሄዳል፣ ምን እናድርግ?» አለ። ባዮስ ገብቶ የዲስኩን ስም ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ደንበኛው ራሱ ስክሪኑን እንዲያይ አድርጉት፤ «ይኸው ስሙ አለ፣ ዲስክህ አልሞተም» በሉት። ከዚያ ዳታው እንደሚያስፈልገው ጠይቁና መልሱን ደረሰኙ ላይ ጻፉት። ዳታውን እፈልጋለሁ ያለ ሰው ሌላ ቤት አይሄድም።

አንዲት እህታችን ደግሞ፣ «የእኔ አንድ ቀን ዲስኩን ያያል፣ አንድ ቀን አያይም። አሁን ይሠራል፤ ላስጠግነው ወይስ ልተወው?» አለችኝ። አሁን ከሠራ፣ እህቴ፣ ዛሬውኑ ማታ ፋይልሽን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪ። መጀመሪያ የማይተካውን፣ ፎቶውንና ጽሑፉን፤ ፊልሙን ከተረፈ በኋላ። ከዚያ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቺና ዲስኩ ራሱ ስለ ጤንነቱ የሚመዘግበውን ተመልከቺ። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ዲስኩን ቀይሪ። ሰማያዊ ከሆነ አምጪልኝና ሪባኑን አብረን እናየዋለን።